ገጠር ያለ ትንሽዬ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ማሂ_12ኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ፣ ቤት ውስጥ ስለዚ ነገር ስናወራ እየተከፋፋን ስለሆነ የሚያልቀው አሁን ሁላችንም ዝም ብለናል። ዘንድሮ ሃይስኩል እጨርሳለሁ፣ ሁለት ቦታ ነው የቀረኝ። አንዱ የስቴታችን ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከ30,000 በላይ ተማሪ ያለው፣ ከቤታችን በባቡር የሚደረስ። ሌላው ሚድዌስት (የአሜሪካ መሀል ሰሜን) ውስጥ ገጠር ያለ ትንሽዬ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፣ ስሙን ባልጠራው ይሻለኛል፣ ጠቅላላ ተማሪው 1,600 አካባቢ ነው፣ ከኔ ሃይስኩል ራሱ ያንሳል። እስከ ሜይ 1 አንዱ ጋ ዲፖዚት መክፈል አለብኝ።

የተቀበሏቸውን ተማሪዎች በሚጋብዙበት ቀን ከእናቴ ጋር ሄደን አየነው። ኢኮሎጂ ክላስ አስገቡኝ፣ 12 ልጆች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ ፕሮፌሰሯ ወደ አንዷ ዞር ብላ «ባለፈው ሳምንት በጻፍሽው ላይ ተቃራኒውን ነበር ያልሽው፣ ምን አስቀየረሽ?» አለቻት። ልጅቷ አልደነገጠችም፣ ትንሽ አሰበችና መለሰች። እውነት ለመናገር እዛች ጋ ልቤ ቀረ፣ እኔ አራት አመት ሙሉ ሃይስኩል ተምሬ የጻፍኩትን አስታውሶ የጠየቀኝ አንድም አስተማሪ የለም፣ ዝምተኛ ስለሆንኩ ከኋላ ተቀምጬ ነው ያለፍኩት።

ከዛ ግን ማታ ከተማውን እንየው ብለን ወጣን፣ 10 ደቂቃ አልሞላም አለቀ። አንድ ዋና መንገድ፣ በጊዜ የተዘጋ ካፌ፣ መብራቱ የበራ ነዳጅ ማደያ፣ ከዛ ገና ያልተዘራ የበቆሎ መሬት ዓይን እስኪደክም ድረስ። እናቴ መኪና ውስጥ «እዚህ ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል?» አለችኝና እስከ ሆቴሉ ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ኤርፖርቱ በመኪና ከአንድ ሰአት በላይ ነው፣ እኔ ደግሞ አልነዳም።

ብሩ የሚገርመው ኮሌጁ ነው የሚረክሰው፣ ዋናው ዋጋ ሰማይ ቢሆንም ግራንቱ (የማይመለሰው እርዳታ) ሲቀነስ ከኛ የሚጠበቀው 14,000 ዶላር በአመት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ኢን ስቴት (የስቴቱ ነዋሪ) ሆኜም ዶርም ከያዝኩ 22,000 ይጠጋል። ባዮሎጂ ነው የማስበው ግን ታሪክም እወዳለሁ፣ አልወሰንኩም። የአጎቴ ልጅ «ሊበራል አርትስ ማለት እኮ ስዕል ነው፣ ስሙንም ማንም አያውቀው» ይለኛል። የኔ ፍርሀት ግን እሱ አይደለም፣ አራት አመት ሙሉ ያንኑ ሰው እያየሁ ጓደኛ ባጣስ? እንደዚ አይነት ቦታ የተማራችሁ ካላችሁ እንደሚሆነኝና እንደማይሆነኝ በምን ልወቅ?

ከበቆሎው_መሀል፦

ማሂዬ፣ አንቺ የገለጽሽውን አይነት ኮሌጅ ነው የጨረስኩት፣ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ ስለዚ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለአጎትሽ ልጅ፣ «አርትስ» የሚለው ቃል ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሊበራል አርትስ ውስጥ ሂሳብም ፊዚክስም ኬሚስትሪም ኢኮኖሚክስም አለ፣ ሀሳቡ ከሁሉም ቀምሰሽ ነው አንዱን የምትይዢው፣ ሜጀርሽን (ዋና ትምህርትሽን) በብዛት የምትመርጪው ሁለተኛ አመት ላይ ስለሆነ ባዮሎጂና ታሪክ መሀል መዋለልሽ እዛ ችግር አይደለም። ትልቁ ልዩነት ደግሞ ማስተርስና ፒኤችዲ ተማሪ የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ያ ማለት ክላሱን የሚያስተምርሽ፣ ፈተናሽን የሚያርመው፣ ላብ ውስጥ አጠገብሽ የሚቆመው ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው፣ ሪሰርቹንም የሚሰራለት አንቺ ነሽ ምክንያቱም ሌላ ሰው የለውም።

እኔ ሁለተኛ አመት ስጨርስ ሰመሩን ካምፓስ ቀርቼ ከፕሮፌሰሬ ጋር ሰራሁ፣ ተከፍሎኝ። አንድ ሚሊሜትር የምታክል ትል ነበር የምናጠናው፣ በማይክሮስኮፕ እያየሽ ጫፏ ላይ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ባላት ዘንግ አንድ በአንድ እያነሳሽ ወደ ሌላ ሳህን ታዛውሪያታለሽ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ስንቷን ወጋሁ። ፕሮፌሰሬ አጠገቤ ተቀምጣ «ክንድሽን አሳርፊ፣ ጣትሽ ብቻ ይስራ፣ ትንፋሽሽን ቀስ» ትለኝ ነበር፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ እንዲ። ለማመልከቻ ሪኮመንዴሽን ስትጽፍልኝ ምን እንደምትጽፍ ታውቅ ነበር፣ 300 ሰው ካለበት አዳራሽ ውስጥ ይሄን ከየት አመጣው ነበር።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ፌብሩወሪ። ብርዱ ራሱ አይደለም፣ ይለመዳል፣ ግን ቀኑ አጭር ነው፣ ሁሉም ሰው ደክሞታል፣ የምትሄጂበት የለም። መመገቢያው አንድ ነው፣ ከጓደኛሽ ጋር ብትጣዪ በቀን ሶስቴ ታገኛታለሽ። እኔ ከአንድ ልጅ ጋር ተለያይቼ አንድ ወር ሙሉ ምሳዬን በካርቶን ይዤ ክፍሌ ስበላ ነበር። ያወጣኝ ላይብረሪ ያገኘሁት የማታ ስራ ነው፣ በሳምንት 10 ሰአት፣ እዛ ዴስክ ላይ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ማውራት ጀመርኩ። ሶስተኛ አመት ላይ ደግሞ አንድ ሴሚስተር ውጭ ሄድኩ፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ኤይድሽን (የገንዘብ እርዳታሽን) ይዘሽ እንድትሄጂ ይፈቅዳሉ (ጠይቂያቸው)፣ ስመለስ ያ ትንሽነቱ ናፍቆኝ ነበር ብል ታምኚኛለሽ?

አንድ ነገር ደግሞ እባክሽ አርጊ። ካታሎጉን አትመኚ። ካታሎግ ላይ 40 የባዮሎጂ ኮርስ ተደርድሮ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ በሁለት አመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ያለፉትን አራት ሴሚስተሮች የክላስ ፕሮግራም አውጥተሽ የሚያጓጓሽ ኮርስ ስንቴ እንደተሰጠ ቁጠሪ። ዲፓርትመንቱ ውስጥ ስንት ቋሚ ፕሮፌሰር እንዳለም እይ፣ ጄኔቲክስ የሚያስተምረው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እሱ ሳባቲካል (ለምርምር የሚሰጥ ረጅም እረፍት) ከወጣ ያ አመት ጄኔቲክስ ላይኖር ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ኢሚዩኖሎጂ ስጠብቅ ስጠብቅ ሳልወስድ ተመረቅኩ።

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ እናትሽንም ይገባኛል። እኔ ስለ ገንዘቡ ልበልሽ።

14,000 ያልሽው የመጀመሪያ አመት ነው። ደብዳቤውን እንደገና አንብቢው፣ ግራንቱ ለአራት አመት ነው ወይ፣ ስንት ነጥብ ካላመጣሽ ይቀነሳል፣ ከውስጡ ሎን አለ ወይ፣ ወርክ ስተዲ ከሆነ ደግሞ እሱ ሰርተሽ የምታገኚው እንጂ የሚቀነስልሽ አይደለም። ከውጭ ስኮላርሺፕ ብታመጪ ኮሌጁ ከራሱ ግራንት ይቀንስብሻል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚያዝነው። የጤና ኢንሹራንስ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በአመት ሁለት ሶስቴ፣ ዊንተር ብሬክ ላይ ዶርሙ ከተዘጋ የት ታርፊያለሽ፣ ይሄ ሁሉ ይደመር።

ሁለተኛው ነገር ከባድ ነው ግን ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል። ትንንሽ ኮሌጆች እየተዘጉ ነው። ቨርሞንት ውስጥ ግሪን ማውንቴን ኮሌጅ በ2019 ተዘጋ፣ አዮዋ ውስጥ ከ1842 ጀምሮ የነበረው አዮዋ ዌስሊያን በ2023፣ ኒውዮርክ ስቴት ሀይቅ ዳር ያለው ዌልስ ኮሌጅ ደግሞ በ2024፣ ያውም የሚዘጋ መሆኑን የተናገረው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ስዊት ብራየር ቨርጂኒያ ውስጥ በ2015 እዘጋለሁ ብሎ የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ነው ያተረፉት። የእህቴ ልጅ የነበረችበትም (ስሙን አልጠራም) አንድ ቀን በኢሜይል ነው የነገሯት። ስልክ ደውላልኝ «አጎቴ፣ ትምህርት ቤቴ የለም» አለችኝ፣ ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሌላ ኮሌጅ ተቀበላት ግን ክሬዲቷን ሁሉ አልቆጠረላትም፣ አንድ ሴሚስተር ከነገንዘቡ ጠፋ።

ይሄን የምልሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ትንሽ ማለት ደካማ ማለት አይደለም፣ ግሪኔል ኮሌጅን ብታዪ አዮዋ በቆሎ መሀል 10,000 ሰው በማይሞላት ከተማ ተቀምጦ ኢንዳውመንቱ (በቋሚነት ያስቀመጠው ሀብት) ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ስለዚ የአንቺን ኮሌጅ ነጥለሽ እይው። ያለፉት 10 አመታት የተማሪ ቁጥሩ እየወረደ ነው ወይስ ቆሟል? ሜጀር እየዘጋ፣ ፕሮፌሰር እየቀነሰ ነው ወይ? የግል ኮሌጆች በብዛት ፎርም 990 የሚባል አመታዊ የገንዘብ ሪፖርት አላቸው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ በተከታታይ አመታት ከገቢው ወጪው የሚበልጥ ከሆነ አድሚሽን ቢሮውን በቀጥታ ጠይቂ። አክሬዲት የሚያረገው (እውቅና የሚሰጠው) አካል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶት እንደሆነም ይታያል። ከእናትሽ ጋር አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ እናት ወረቀት ስታይ ልቧ ይረጋል።

ሻንጣ_ያልፈታሁ፦

እኔ ደግሞ ገብቼ የወጣሁ ነኝ፣ እሱንም መስማት አለብሽ። ሶስት ሴሚስተር ቆይቼ ትራንስፈር አደረግኩ።

ክላሱን ወድጄው ነበር፣ እስከዛሬ ይናፍቀኛል። ግን የምፈልገው ኢንጂነሪንግ ነበር፣ እዛ ደግሞ የለም፣ ያለው 3-2 የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ሶስት አመት ኮሌጁ ጋ ከዛ ሁለት አመት ሌላ ኢንጂነሪንግ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ በአምስት አመት ሁለት ዲግሪ። ብሮሹሩ ላይ ደስ ይላል። ገብቼ ስጠይቅ ከኛ ካምፓስ በአመት የሚሄደው አንድ ወይ ሁለት ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ማንም፣ ምክንያቱም ሶስተኛ አመት ላይ ጓደኞችሽን ትተሽ መሄድ ይከብዳል፣ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያንኑ ኤይድ ይሰጥሻል ማለት አይደለም። ኢንጂነሪንግ፣ ነርሲንግ፣ አካውንቲንግ አይነት ነገር በእርግጠኝነት የሚፈልግ ሰው ኮሌጁ ራሱ ፕሮግራሙ እንዳለው ማየት አለበት። ባዮሎጂ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ላይ አትፍሪ።

ቦታው ላይ የጎዳኝ መኪና አለመኖሩ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዋልማርት የሚሄድ ሻትል ነበር፣ እሱ ካመለጠሽ አለቀ። የመጀመሪያው ታንክስጊቪንግ ሁሉም ሄደ፣ የኔ ትኬት ውድ ስለነበር ቀረሁ፣ ኮሪደሩ ላይ የኔ ክፍል ብቻ መብራት በርቶ አራት ቀን። መመገቢያው ተዘግቶ ስለነበር የበላሁት ከማሽን የሚወጣ ነገር ነው። ጥቁር ተማሪ በጣም ጥቂት ነበርን፣ ማንም በክፉ አላየኝም ግን ክላስ ውስጥ ስለ አንድ ነገር ሲወራ ሁሉም ወደኔ ይዞራል፣ ያ ድካም አለው። የናንተ ላይ ስንት እንደሆነ ቁጥሩን እይ፣ ከዛ እዛ ያሉትን ልጆች ራሳቸውን አናግሪ።

እና በምን ልወቅ ላልሽው፣ የተጋበዝሽበት ቀን የሰርግ ቀን ነው፣ በሱ አትወስኚ። ተራ ማክሰኞ ቀን ሄደሽ ዶርም እደሪ፣ ብዙ ኮሌጆች ተማሪ ጋ ያሳድራሉ፣ አቅሙ ለሚያንሰው ትራንስፖርትም የሚችሉ አሉ። ያገኘሽውን ሰው ሁሉ «ያለፈው ቅዳሜ ምን ሰራሽ» በይው። «እዚህ ቅዳሜ ምን ይሰራል» ካልሽ የተለማመዱትን መልስ ይሰጡሻል፣ «አንቺ ምን ሰራሽ» ስትዪ ግን እውነቱ ይወጣል። ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ፣ ኮሌጆቹ በየአመቱ የሚያወጡት፣ ቢ የሚለው ክፍል ላይ ከመጀመሪያ አመት ተማሪ ስንት ፐርሰንቱ ለሁለተኛ አመት እንደተመለሰ ታገኛለሽ፣ ጠንካሮቹ ከ90 በላይ ናቸው። ብዙ ሰው ከአንድ አመት በኋላ የሚለቅ ከሆነ የሚለቅበት ምክንያት አለ።

ማሂ_12ኛ፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ እውነት አለቀስኩ የታንክስጊቪንጉን ሳነብ። ጋሼ፣ የነገሩኝን ፎርም 990ም የተማሪ ቁጥሩንም ከእናቴ ጋር አውጥተን አየን፣ ተማሪው አልቀነሰም ገንዘቡም ደህና ይመስላል፣ ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለእህትዎ ልጅም አዝኛለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ዝምተኛ ሰው ትንሽ ቦታ ይሻለዋል ወይስ ይብስበታል?

ከበቆሎው_መሀል፦

እኔም ዝምተኛ ነኝ። ትንሽ ቦታ ላይ የሚገርመው ነገር ትፈለጊያለሽ። የካምፓስ ሬድዮው ሰው ያንሰዋል፣ ጋዜጣው ሰው ያንሰዋል፣ አንዷ ያላወቅኳት ልጅ መጥታ «ሐሙስ ማታ ፕሮግራሙን የሚይዝልኝ የለም፣ ነይ» ብላ ነው ሬድዮ ያስጀመረችኝ፣ ችሎታዬን አይታ አይደለም፣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። 30,000 ሰው መሀል ማንም ፈልጎሽ አይመጣም። ግን አንድ ነገር እይ፣ እነዚ ኮሌጆች በብዛት በኮሌጅ ስፖርት ዲቪዥን 3 የሚባለው ምድብ ውስጥ ናቸው፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ ባይኖርም ከተማሪው ትልቅ ክፍል ስፖርተኛ የሆነበት አለ፣ ፍራተርኒቲ (የወንድ ተማሪዎች ማህበር) የበዛበትም አለ። መመገቢያው ውስጥ ጠረጴዛው ሁሉ በቡድን በቡድን የተያዘ ከሆነ ለብቻው ለሚመጣ ሰው ይከብዳል። ስታድሪ ምሳ ሰአት ላይ በር ጋ ቆመሽ አምስት ደቂቃ ብቻ እይ፣ ብቻቸውን የገቡ ልጆች የት ነው የሚቀመጡት?

የፊዚክስ_ሰው፦

ስሙን ማንም አያውቀው ላሉሽ አጭር ነገር ልጨምር። የሰፈር ሰው አያውቀው ይሆናል፣ ግራጁዌት ስኩሎች ግን በደንብ ያውቋቸዋል፣ እንደ ካርልተንና ግሪኔል ያሉት ከተማሪ ቁጥራቸው አንፃር ሳይንስ ላይ ወደ ፒኤችዲ የሚልኩት ብዙ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሰራውን ኢንቴልን በ1968 ከመሰረቱት አንዱ ሮበርት ኖይስ ግሪኔል ነው የተማረው፣ በ1949 ነው የጨረሰው፣ ትራንዚስተር ገና እንደተፈለሰፈ ግራንት ጌል የሚባል የፊዚክስ አስተማሪው እዛችው ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለ ትራንዚስተር አስተምሮታል። ከዛው ኮሌጅ የወጣው ቶማስ ቼክ ደግሞ በ1989 በኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። ይሄን ለአጎትሽ ልጅ ንገሪው። ስራ ፍለጋ ላይ ግን እውነቱን ለመናገር ትልልቅ ካምፓኒዎች ራሳቸው መጥተው የሚመለምሉት ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ነው፣ ትንሹ ኮሌጅ ጋ የቀድሞ ተማሪዎችን አንቺ ነሽ እየጻፍሽ የምታገኚው፣ ይመልሱልሻል ግን መጻፍ አለብሽ። ለኢንተርንሺፕ ኮሌጁ ራሱ ብር ይሰጣል ወይ በያቸው፣ የሚሰጡ አሉ።

ማሂ_12ኛ፦

ተመልሻለሁ። አድሚሽን ቢሮ ደውዬ በአዘቦት ቀን ማደር እፈልጋለሁ አልኳቸው፣ ቲኬቱን እነሱ ቻሉት። ማክሰኞ ገብቼ ሁለተኛ አመት ኬሚስትሪ የምትማር ልጅ ክፍል ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈውልኝ አደርኩ።

ዘጠኝ ሰው «ያለፈው ቅዳሜ ምን ሰራሽ» አልኩ። ሁለቱ «ምንም፣ ተኛሁ» አሉ፣ አንዷ ከክለቧ ጋር ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅሙ ዋሉ፣ ሶስቱ አንዱ ልጅ ክፍል ተሰብስበው ምግብ ሰርተው ፊልም አይተዋል፣ አንዱ ቤቱ ናፍቆት ስልክ ላይ ነው የዋለው፣ ሁለቱ የት እንደነበሩ አልነገሩኝም ግን ሳቁ። ምሳ ሰአት በሩ ጋ ቆምኩ እንዳልሽኝ። የሩጫ ቡድኑ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ይዟል፣ ብቻዋን የገባች አንዲት ልጅ ሳህኗን ይዛ ቆም ብላ ዙሪያዋን አየች፣ እኔ ሆዴ ተጨነቀ፣ ከዛ ከመስኮቱ ጋ የተቀመጠ ልጅ ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አነሳላት። በደንብ የሚተዋወቁ እንኳን አይመስሉም ነበር።

ጄኔቲክስ በአራቱም ሴሚስተር ተሰጥቷል፣ ሁለት ሰው ነው የሚያስተምረው። ኢሚዩኖሎጂ አንዴ ብቻ። ከመጀመሪያ አመት የሚመለሰው 93 ፐርሰንት ነው። ጥቁር ተማሪዎቹን አገኘኋቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ አንዷ፣ ሻንጣ ያልፈታሁ፣ አንተ ያልከውን ነገር ቃል በቃል ነገረችኝ፣ ክላስ ውስጥ ሁሉም ወደሷ እንደሚዞር፣ ግን ስልኳን ሰጠችኝ እና ኦገስት ላይ ከኤርፖርት እወስድሻለሁ አለችኝ። ለታንክስጊቪንግ የቀረ ተማሪ ካለ መመገቢያው አንዱ ክፍት እንደሚሆን በጽሁፍ አስመለስኳቸው። ክሊኒኩ ማታ ይዘጋል፣ ሆስፒታሉ በመኪና 10 ደቂቃ ነው፣ ሌሊት ቢሆን የካምፓስ ጥበቃዎቹ ይወስዳሉ፣ ቁጥራቸውን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላኩላት። ወዲያው መልሳ «ደውዬላቸው ነበር፣ ያነሳሉ» ብላ ጻፈችልኝ።

ትናንት ማታ ዲፖዚቱን ከፈልን። የካርዱን ቁጥር እያነበበች ያስሞላችኝ እሷ ናት።